ሮላን ጋሮስ የቴኒስ ተጫዋች አልነበረም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ካርሎስ አልካራዝና ያኒክ ሲነር የተጫወቱትን የፍጻሜ ጨዋታ ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። በእኛ ሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ የተጀመረ ጨዋታ ያለቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ! በዚህ ውድድር ታሪክ እንደዚህ የረዘመ ፍጻሜ የለም። ከዚያ በፊት ረጅሙ በ1982 ቪላንደርና ቪላስ የተጫወቱት ሲሆን 4 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነበር የፈጀው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ቴኒስ ውስጥ እንግሊዞች «ሴት» የሚሉትን የጨዋታ ክፍል እኔ እዚህ «ዙር» እያልኩ እጽፋለሁ፤ አለዚያ ከእህቶቻችን ጋር ይምታታብናል። ደግሞም ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እናም ሲነር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አሸነፈ። በአራተኛው ዙር 5 ለ 3 እየመራ፣ አልካራዝ ሰርቭ ሲያደርግ ውጤቱ ዜሮ ለ40 ደረሰ። ሦስት የዋንጫ ነጥቦች ማለት ነው። ከሦስቱ አንዷን ቢያገኝ አለቀ። አላገኘም። አልካራዝ ሦስቱንም አዳነ፣ ዙሩን ወሰደ፣ አምስተኛውንም በመለያ ነጥብ 10 ለ 2 ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ክርክር ነው። «በሸክላ ሜዳ ከታዩት ፍጻሜዎች ሁሉ ይሄ ይበልጣል!» የሚል አለ። «ናዳል 14 ጊዜ ሲያሸንፍ የት ነበራችሁ?» የሚል አለ። ሻይ ቤት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ የትም ብትሄዱ ዋንጫ ቆጠራ ነው። አንዱ ደግሞ ጫወታው መሀል ስለ ባንዲራና ስለ ጦርነት ከተነሳ ቶሎ ብሎ «ኧረ ስፖርትን ከፖለቲካ ጋር አታደባልቁ!» ይላል።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ዋንጫ መቁጠር ደስ ይለኛል፣ አልክድም። ግን ከዋንጫው በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ ወደዚያ ሜዳ ማን እንዲገባ ተፈቀደለት? የምንወዳቸውን የፓሪስ ፍጻሜዎች አንድ በአንድ ብትመለከቱ፣ አብዛኞቹ ሊታዩ የቻሉት ተዘግቶ የነበረ በር ስለተከፈተ ነው። በሩን የሚዘጋውና የሚከፍተው ደግሞ ኳስ አይደለም። እስኪ ከስሙ እንጀምር።

ብዙ ሰው ሮላን ጋሮስ ማለት ጥንት የነበረ ታላቅ የቴኒስ ሻምፒዮን ይመስለዋል። አይደለም። ሰውየው አውሮፕላን አብራሪ ነው። የተወለደው በ1888 ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው ፓሪስ ሳይሆን ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የሬዩኒየን ደሴት ናት። መስከረም 23 ቀን 1913 ከደቡብ ፈረንሳይ ከፍሬዡስ ተነስቶ፣ ሜዲትራኒያንን ሳያርፍ አቋርጦ ቱኒዚያ ቢዘርት አረፈ። ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። ጉዞው 8 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው፤ ነዳጁም ተንጠፍጥፎ ሊያልቅ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ተዋጊ አብራሪ ሆነ። ያኔ ከአውሮፕላን ላይ ወደፊት መተኮስ ትልቅ ችግር ነበር፤ ጥይቱ የገዛ አውሮፕላንህን ፕሮፔለር ይመታብሃል። እሱ ፕሮፔለሩ ላይ ጥይት የሚያነጥር ብረት አስገጥሞ በዚያ ተዋጋ። ሚያዝያ 1915 ጀርመኖች ግዛት ውስጥ ለማረፍ ተገደደና ተማረከ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1918 መጀመሪያ አመለጠ። እንደገና ወደ ጦርነቱ ተመለሰ፤ ጥቅምት 5 ቀን 1918 በሰሜን ፈረንሳይ አርደን በሚባለው አውራጃ ቩዚዬ አካባቢ ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ 30 ዓመት ሊሞላው ነበር። ጦርነቱ ሊያበቃ የቀረው ደግሞ ከአርባ ቀን ያነሰ ጊዜ ነው።

ታዲያ ስሙ እንዴት ቴኒስ ሜዳ ላይ ወጣ? ነገሩ ወዲህ ነው። በ1927 አራት ፈረንሳውያን፣ ማለትም ዣን ቦሮትራ፣ ዣክ ብሩኞን፣ አንሪ ኮሼና ረኔ ላኮስት አሜሪካ ድረስ ሄደው ፊላደልፊያ ላይ የዴቪስ ካፕን ዋንጫ ነጠቁ። ላኮስት ያው አዞ ያለበትን ሸሚዝ ያወጣው ሰውዬ ነው፤ ገበያ ላይ አስመስለው የሚሸጡትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካኖች ዋንጫውን ለማስመለስ ፓሪስ ስለሚመጡ አዲስ ስታዲየም አስፈለገ። ቦታውን የሰጠው ስታድ ፍራንሴ የተባለው ክለብ ነበር። የክለቡ ፕሬዚዳንት ኤሚል ሌሲዬር የጋሮስ ወዳጅ ነበርና፣ ስታዲየሙ በሟቹ ጓደኛው ስም እንዲጠራ ጠየቀ። ሆነም። በ1928 ስታዲየሙ ተከፈተ፤ ፈረንሳይም ዋንጫዋን አስጠበቀች።

ልብ በሉ፤ ከመነሻው ስሙ ራሱ የጦርነት ስም ነው። ስፖርቱንና ፖለቲካውን ያደባለቀው የዛሬ ሰው አይደለም።

ውድድሩ ግን ከስታዲየሙ ይቀድማል። የተጀመረው በ1891 ነው። ያኔ መጫወት የሚችለው የፈረንሳይ ክለብ አባል ብቻ ነበር። ሴቶች የራሳቸውን ውድድር ያገኙት በ1897 ነው። የውጭ ሀገር ተጫዋቾች በሙሉ እንዲገቡ የተፈቀደው ደግሞ በ1925 ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «የፈረንሳይ ሻምፒዮን» ማለት የጎረቤት ሀገር ጎበዝን ያላካተተ ሻምፒዮን ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው በር በዚህ ሁኔታ ተከፈተ።

ከዚያ በ1939 አንድ የሚያሳፍር ነገር ሆነ። ብዙ የቴኒስ ወዳጅ የማያውቀው ታሪክ ነው።

በመስከረም 1939 ፈረንሳይ በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ ሀገሩ ውስጥ ያሉ የጀርመንና የኦስትሪያ ሰዎችን እንዲሁም «የማይፈለጉ» የተባሉ ሌሎች የውጭ ሰዎችን ማሰር ተጀመረ። ከነዚህ ብዙዎቹ ከሂትለር ሸሽተው ፈረንሳይን አምነው የተጠለሉ ሰዎች ነበሩ፤ አይሁዶች አሉ፣ ጸሐፊዎች አሉ፣ የናዚ ተቃዋሚዎች አሉ። ከታሰሩባቸው ቦታዎች አንዱ ሮላን ጋሮስ ነው። የሃንጋሪ ተወላጁ ጸሐፊ አርተር ኬስትለር በጥቅምት ወር ተይዞ እዚያ ነው የገባው፤ እስረኞቹ በተመልካች መቀመጫዎቹ ሥር ይተኙ እንደነበር በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ቀጥሎ ለ ቬርኔ ወደሚባለው ማጎሪያ ካምፕ ተላከ።

እስኪ አስቡት። በ1925 «የውጭ ሰው ግባ» ያለው ውድድር፣ ከ14 ዓመት በኋላ በሜዳው የውጭ ሰው «አትውጣ» ተባለበት።

እዚህ ላይ የቦሮትራን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ስታዲየሙ ከተሠራላቸው ከአራቱ አንዱ እሱ ነው፤ የፓሪሱን ዋንጫ በ1924 እና በ1931 አንስቷል። ፈረንሳይ በጀርመን ስትሸነፍ ከናዚዎች ጋር ያበረው የቪሺ መንግሥት ተቋቋመ፤ ቦሮትራ የዚያ መንግሥት የስፖርት ኃላፊ ሆኖ እስከ 1942 አገለገለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ጀርመኖች ራሳቸው አሰሩት። በኋላ ኦስትሪያ ውስጥ ኢተር በሚባል ግንብ ከሌሎች ታዋቂ የፈረንሳይ እስረኞች ጋር ተቀመጠ። ግንቦት 5 ቀን 1945 የናዚ ኤስ ኤስ ወታደሮች ግንቡን ሲያጠቁ፣ የአሜሪካ ወታደሮች፣ ከድተው የመጡ የጀርመን ወታደሮችና እስረኞቹ አንድ ላይ ሆነው ተከላከሉ። ቦሮትራ በ46 ዓመቱ አጥሩን ዘሎ፣ በጥይት መሀል ሮጦ ወጥቶ እርዳታ እንዲመጣ መልእክት አደረሰ።

ታዲያ ይህ ሰው ጀግና ነው ወይስ የከሃዲ መንግሥት ሹም? ክፍል ውስጥ ብትሆኑ ኖሮ «ሁለቱንም ጻፉ» እላችሁ ነበር። አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ማስቀረት ታሪክ አይባልም።

ጦርነቱ አለፈ። አሁን ወደ ፍጻሜ ጨዋታዎቹ እንመለስ።

በ1946 ማርሴል በርናር የተባለ ፈረንሳዊ ከቼኮዝሎቫኪያው ያሮስላቭ ድሮብኒ ጋር ለፍጻሜ ደረሰ። ድሮብኒ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አሸንፎ፣ ሦስቱን ተከታታይ ተሸነፈ። ሲነር ላይ የደረሰው ዓይነት ነው። በ1948 እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ ተሸነፈ። በ1949 ስዊዘርላንድ ውስጥ ውድድር ላይ እያለ፣ የሀገሩ ኮሚኒስት መንግሥት ውድድሩን አቋርጦ እንዲወጣ አዘዘው። እምቢ አለ። እምቢ ማለት ያኔ ወደ ቤት አለመመለስ ማለት ነው። የዓለም ምርጥ ከሚባሉት ተጫዋቾች አንዱ በአንድ ቀን ወረቀት የሌለው ስደተኛ ሆነ።

ትልልቆቹን ሀገራት ወረቀት ጠየቀ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ የተቀበለችው ግብፅ ናት። በ1950 ፓሪስ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ ለሦስተኛ ጊዜ ተሸነፈ። በ1951 ግን አሸነፈ። በ1952 ደገመው። የአሸናፊዎቹን መዝገብ ብትከፍቱ ከስሙ ጎን የተጻፈው ሀገር ግብፅ ነው። የግብፅ ዜግነት ይዞ የግራንድ ስላም የነጠላ ዋንጫ ያነሳ እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው።

ከእናንተ መሀል በስደት ያላችሁ፣ ቢሮ ለቢሮ ለወረቀት የተንከራተታችሁ፣ የዚህን ሰው ድል ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ራኬት ይዞ ሜዳ ከመግባቱ በፊት «የማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገው ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ አልቲያ ጊብሰን መጣች። አሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በሰው መሬት ላይ ጥጥ ከሚያርሱ ጥቁር ቤተሰቦች ተወልዳ ሃርለም ያደገች ልጅ ናት። እስከ 1950 ድረስ የሀገሯ ትልቁ ውድድር በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ዝግ ነበር። አሊስ ማርብል የምትባል የቀድሞ ነጭ ሻምፒዮን ሳትቀር በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ የገዛ ወገኖቿን ክፉኛ ወቅሳ ከጻፈች በኋላ ነው በሩ የተከፈተው። በ1956 ፓሪስ ላይ አንጄላ ሞርቲመርን 6 ለ 0 እና 12 ለ 10 አሸንፋ የነጠላውን ዋንጫ ወሰደች። በግራንድ ስላም ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሻምፒዮን እሷ ናት፤ ከወንድም ከሴትም። የጥንዱንም ዋንጫ ከአንጄላ ባክስተን ጋር ወሰደች። ባክስተን እንግሊዛዊት አይሁድ ነበረች። አንዷ ለጥቁርነቷ፣ አንዷ ለአይሁድነቷ በየሀገራቸው ፊት የተነሳቸው ሁለት ሴቶች አብረው አሸነፉ።

ግን ጊብሰን ዋንጫ ወሰደች እንጂ ገንዘብ አልወሰደችም። ያኔ በነዚህ ውድድሮች ሽልማት የሚባል ብር የለም። ለብር የሚጫወት ሰው ደግሞ «ፕሮፌሽናል» ተብሎ ይባረር ነበር። ነገሩ ንጹህ ስፖርት ለመጠበቅ ነው ይባላል፤ በተግባር ግን የሚጠቅመው ሳይሠራ መኖር የሚችለውን ባለ ሀብት ነው። አውስትራሊያዊው ኬን ሮዝዎል በ1953፣ በ18 ዓመቱ ፓሪስ ላይ አሸነፈ። በኋላ ለእንጀራው ብሎ ፕሮፌሽናል ሆነና ከአሥር ዓመት በላይ በሩ ተዘጋበት።

ይህ በር የተከፈተው በ1968 ነው። ጊዜውን ተመልከቱ። ግንቦት 1968 ፓሪስ በተማሪዎች አመፅና በሠራተኞች አድማ የተናወጠችበት ወር ነው። ቤንዚን የለም፣ ባቡር የለም። ተጫዋቾች ፓሪስ ለመድረስ መከራ አዩ። ሆኖም ውድድሩ ተካሄደ፤ አማተርና ፕሮፌሽናል አብረው የተጫወቱበት የመጀመሪያው ግራንድ ስላም እሱ ነው። በወንዶች ፍጻሜ ማን አሸነፈ? ያው ሮዝዎል! ሮድ ሌቨርን ረትቶ፣ ከመጀመሪያ ድሉ 15 ዓመት በኋላ።

አሁን ፈረንሳዮች ራሳቸው ሲያወሩት ዕንባ የሚተናነቃቸውን ላንሳ። 1983፣ ያኒክ ኖኣ።

አባቱ ዘካሪ ኖኣ ከካሜሩን መጥቶ ለሰዳን ክለብ እግር ኳስ የሚጫወት ሰው ነበር፤ በ1961 ከክለቡ ጋር የፈረንሳይን ዋንጫ አንስቷል። ልጁ ያኒክ በ1960 እዚያው ሰዳን ተወለደ። ሰዳን የምትገኘው ጋሮስ በሞተበት በአርደን አውራጃ ነው፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ይገርማል። ቤተሰቡ ወደ ካሜሩን ከተመለሰ በኋላ፣ በ1971 ጥቁር አሜሪካዊው ሻምፒዮን አርተር አሽ ለጉብኝት ያውንዴ መጣ። ትንሹን ልጅ ሲጫወት አየው፤ የፈረንሳይ ቴኒስ ሰዎችም እንዲያዩት ነገራቸው። ልጁ ኒስ ከተማ ተወስዶ ሠለጠነ።

ከ12 ዓመት በኋላ በፍጻሜው የአምናውን ሻምፒዮን ማትስ ቪላንደርን 6 ለ 2፣ 7 ለ 5፣ 7 ለ 6 አሸነፈ። አባቱ ከመቀመጫው ዘሎ ሜዳ ገብቶ አቀፈው። ከበርናር በኋላ 37 ዓመት ሙሉ ፈረንሳዊ ወንድ ዋንጫውን አንስቶ አያውቅም ነበር። ከኖኣ በኋላም እስከ 2025 ድረስ 42 ዓመት አልፏል፤ ሌላ አልመጣም። ፈረንሳይ ያን ዋንጫ ስትናፍቅ የምታስታውሰው የስደተኛ ልጅን ነው።

በ2025 የሴቶቹን ፍጻሜ ደግሞ ኮኮ ጎፍ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፋ፣ ከዚያ ሁለቱን ወስዳ አሪና ሳባሌንካን ረታች። ሳባሌንካ ቤላሩሳዊት ናት፤ ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ ግን የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾች ከስማቸው ጎን ባንዲራ አይደረግላቸውም። ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ያ ባዶ ቦታ ይታያል። በዚያው ዓመት የምሽቱ ልዩ ጨዋታዎች ሁሉ የወንዶች ነበሩ፤ ለሴቶች አንድም አልተሰጠም። የሽልማት ገንዘቡ በ2007 እኩል ሆኗል፤ ሰዓቱ ግን ገና ነው። በዚያው ውድድር ላይ ሎይስ ቧሶን የተባለች ፈረንሳዊት በዓለም 361ኛ ሆና፣ በልዩ ግብዣ ገብታ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ግብዣው ባይሰጣት ኖሮ ስሟን የሚያውቅ አይኖርም ነበር። እኔ በር የምለው ይሄንን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ሜዳው ራሱ። ሸክላ ይባላል እንጂ ከላይ ያለው ቀዩ ነገር የተፈጨ ጡብ ነው፤ ውፍረቱ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ብቻ፣ ከሥሩ ነጭ የኖራ ድንጋይ። ኳሱ ሲያርፍ ፍጥነቱን ይይዘዋል፣ ወደ ላይ ያነጥረዋል፤ ለዚህ ነው ነጥቡ የሚረዝመው። ደግሞ ኳሱ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ሌሎቹ ግራንድ ስላሞች የመስመር ዳኞቹን በማሽን ተክተዋል፤ ፓሪስ ግን እስከ 2025 ድረስ በሰው ነው። ክርክር ሲነሳ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን በጣቱ እያሳየ ይፈርዳል።

ተማሪዎቼ፣ ለዓመታት «ማስረጃህ የት አለ?» እያልኩ ያሰለቸኋችሁ ይሄንን ነው። «ስፖርትን ከፖለቲካ አታደባልቁ» የሚል ሰው ከፍ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚፈርደው። ወርዶ ቢያይ ምልክቱ አለ፤ 1925፣ 1939፣ 1951፣ 1956፣ 1968፣ 1983። እኔ ፖለቲካ ሜዳ ውስጥ ይግባ አላልኩም። በሩ ላይ ከድሮም ቆሞ እንደነበር እንዳንረሳ ነው። የድሮብኒን ወረቀት ግብፅ ባትሰጠው፣ አሽ ያውንዴ ባይሄድ፣ ያች ጽሑፍ ባትጻፍ፣ ዛሬ «ታላቅ» ብለን የምንከራከርባቸው ፍጻሜዎች አይኖሩም ነበር። በር ተዘግቶባቸው ሳናያቸው የቀሩትን ደግሞ ማን ይቆጥራቸዋል?

እንግዲህ ክርክሩን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ ከፍጻሜዎቹ ሁሉ የ1951ዱን እመርጣለሁ፤ ጨዋታው 6 ለ 3፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 3 ያለቀ፣ ብዙም ትንቅንቅ ያልነበረበት ቢሆንም። እናንተስ የቱን ትመርጣላችሁ? ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉልኝ። «ናዳል ስለሆነ» ብቻ የሚል መልስ ግን ግማሽ ማርክ ነው የምሰጠው።